ሰብአዊነትን ከነጩ መኪና እንለይ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ከተቀባበላቸው ጽሑፎች አንዱ «ሰብአዊነት» የሚባለውን ሐሳብ ከሥሩ ነቅሎ ለመጣል የተነሣ ነው። ላላነበበው ሰው በአጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊው ሰብአዊነት ምዕራባውያን ለራሳቸው ጥቅም የፈጠሩት ሐሳብ ነው ብለው ይጀምራሉ። ቀጥለው ገለልተኝነት የሚሉት መርሕ የፈሪ መሸሸጊያ መሆኑን፣ የእርዳታ ስንዴ ገበሬያችንን ሰነፍ እንዳደረገው፣ እድርና ማኅበር ያለው ሕዝብም ስለ ርኅራኄ ከማንም መማር እንደማያሻው ይነግሩናል። መደምደሚያቸው ከውጭ የሚመጣ እህልም ሆነ ገንዘብ በመንግሥት እጅ ብቻ ገብቶ በመንግሥት እጅ ብቻ ይከፋፈል የሚል ነው።

የተጻፈው በንዴት ነው፤ ንዴቱን አልጠላሁትም። ድርቅ በመታው ወረዳ ውስጥ አንቴናው የረዘመ ነጭ የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር አቧራ እያስነሣ ሲያልፍ፣ ስለ ተራበ ሰው የተጠራ ስብሰባ በትልቅ ሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ሲፈጅ አይቶ ያልተናደደ ካለ ትዕግሥቱን አደንቃለሁ። ሆኖም ጸሐፊው የተጣሉት ከድርጅቶች ጋር ሆኖ ሳለ የቀበሩት ሐሳቡን ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ድርጅቶቹን የከሰሱበት መለኪያ ያው የቀበሩት ሐሳብ መሆኑ ነው። «አዳልተዋል»፣ «ግፍ አይተው ዝም ብለዋል»፣ «ከተራበው በፊት ራሳቸውን አስቀድመዋል» የሚለው ክስ ትርጉም የሚሰጠው፣ አለማዳላትና የተቸገረን ማስቀደም ግዴታ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ብቻ ነው።

ሐሳቡን እንዴት እንደምረዳው አስቀድሜ ልናገር። ጠባብ ነው። ደግነት ሁሉ ሰብአዊነት አይባልም፤ ልማትና ፍትሕም ሌላ ናቸው። ሰብአዊነት ወገንህ ላልሆነ ሰው፣ ለጠላትህ ጭምር፣ ችግሩን ብቻ መዝነህ መድረስ ነው። ዛሬ ግን ቃሉ የማይለጠፍበት ነገር የለም። ኩባንያ በበዓል ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ሲያድልና ፎቶግራፍ ሲያስነሣ «ሰብአዊ ተግባር» ይባላል። ኔቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩጎዝላቪያን 78 ቀን በአውሮፕላን ሲደበድብም «ሰብአዊ ጣልቃ ገብነት» ተብሎ ነበር። በዚህ ላይ ጸሐፊው የሚሉትን እፈርማለሁ። ቦምብ የሚጥል ወገን ይህን ቃል ባይነካው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

«የምዕራባውያን ፈጠራ ነው» የሚለውን ለማስረዳት ጸሐፊው የሶልፌሪኖን ጦርነት ያነሣሉ። ተቋሙ የተወለደው እዚያ መሆኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1859 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የፈረንሳይና የሰርዲኒያ ጦር ከኦስትሪያ ጦር ጋር ሲዋጋ ውሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ፣ ቆሰለ። ሄንሪ ዱናንት የተባለው የጄኔቫ ነጋዴ በአቅራቢያው ወደምትገኘው ካስቲልዮኔ የመጣው ለጽድቅ አልነበረም፤ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በአልጄሪያ ስለጀመረው ንግድ ሦስተኛውን ናፖሊዮንን ሊያነጋግር ፈልጎ ነው። ጸሐፊው ይህን ሳይጠቅሱ መቅረታቸው ያስቆጫል፤ ለክርክራቸው ካቀረቡት ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ይሆናቸው ነበር። ያም ሆኖ ቁስለኛውን መጀመሪያ ያነሡት የካስቲልዮኔ ሴቶች ናቸው፤ «ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው» እያሉ የኦስትሪያውን ከፈረንሳዩ ሳይለዩ ውኃ አጠጡ፣ ቁስል አጠቡ። ዱናንት ያየውን ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1863 ዛሬ ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የምንለው የጄኔቫው ኮሚቴ ተመሠረተ፤ በ1864 አሥራ ሁለት መንግሥታት የመጀመሪያውን የጄኔቫ ስምምነት ፈረሙ።

ታዲያ ይህ የኛ እንዳይሆን የሚከለክለው ምንድን ነው? ጸሐፊው «ለኛ አያስፈልገንም» ለማለት የዓድዋን ምርኮኞች በኩራት ይጠቅሳሉ። ኩራቱ ተገቢ ነው። በ1888 ዓ.ም. የተማረኩት ጣሊያኖች ወደ ሸዋ ተወስደው በየሰው ቤት ተመድበው ኖሩ፤ የሰላም ውሉ ሲፈረም አገራቸው ገቡ። ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መዋጥ ግን ክርክር አይሆንም። ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው የተማረኩት አስካሪዎች፣ ማለትም ጣሊያን ከዚሁ አካባቢ የመለመለቻቸው ወታደሮች፣ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ለባሕር ማዶው ምርኮኛ የተደረገው ምሕረት ለቅርቡ «ከሐዲ» አልተደረገም። ይህን የማነሣው አባቶቻችንን ለማሳጣት አይደለም፤ የዚያን ዘመን የአውሮፓ ጦሮች በአፍሪካ የሠሩትን እናውቃለን። የማነሣው ርኅራኄያችን የት ላይ እንደሚቆም ስለሚያሳይ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከዓድዋ 39 ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ የጸሐፊውን ነጥብ ይገለብጠዋል። የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ኢትዮጵያ የጄኔቫን ስምምነት ተቀበለች፤ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ። ባለሥልጣኖቻችን ይህን ያደረጉት የፈረንጅ ፋሽን አሳስቷቸው ይሆን? በአየር ኃይል የበለጠ ጠላት ሊመጣባቸው መሆኑን አውቀው የሕግ ጥላ ፈልገው ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ ላይ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በጣሊያን አውሮፕላኖች ሲደበደብ፣ ቆሬም አካባቢ የእንግሊዞቹ የሕክምና ቡድን በየካቲት ሲመታ፣ ዓለም የጮኸው ያ የቀይ መስቀል ምልክት የተቀደሰ መሆኑን አምኖ ስለተቀበለ ነው። ጣሊያን ለመልካ ዲዳው የሰጠችው ምክንያት ደጋሃቡር አጠገብ የወደቀ አብራሪዋ መገደሉ ነበር፤ ሰበብ መፈለጓ ራሱ ሕጉ እንደከበዳት ያሳያል። ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ቆመው ስለ መርዝ ጋዙ ሲናገሩ የተማጸኑት በዚሁ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ የምዕራባውያን ብቻ ከሆነ ያን ቀን አንገታቸውን ያስደፋቸው ምን ነበር?

ገለልተኝነትን በተመለከተ ጸሐፊው በጽሑፋቸው ጠንካራውን ድንጋይ የወረወሩት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ዋና ማስረጃቸው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በዚያው ጦርነት ላይ ያሳየው ዝምታ ነው። እውነት ነው፤ እንዲያውም አለሳልሰው ነው የጻፉት። የኮሚቴው ልዑካን ሲድኒ ብራውንና ማርሴል ዡኖ እዚሁ ነበሩ፤ ዡኖ በሰናፍጭ ጋዝ የተቃጠሉ ሰዎችን በዓይኑ አይቷል። የመንግሥታቱ ማኅበር ስለ ጋዙ መረጃ ስጡን ብሎ ሲጠይቅ ኮሚቴው ገለልተኝነቴን ይነካብኛል ብሎ እምቢ አለ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1942፣ ያው ኮሚቴ አውሮፓ ውስጥ ስለሚፈጸመው ጭፍጨፋ ይፋ ጥሪ ላሰማ ወይስ አላሰማ ብሎ መክሮ ዝም ማለትን መረጠ። በኋላ ድርጅቱ ራሱ ይህን እንደ ታላቅ ውድቀቱ ተቀብሎታል።

ስለዚህ ጸሐፊው አሸንፈዋል ማለት ነው? በዚህ ማስረጃ ብቻ ብንቆም አዎ። ነገር ግን ከኛው ታሪክ ሌላ ምዕራፍ አለ፤ እሳቸው አልፈውታል።

የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴንን ሲወርር ከተማረኩት ወታደሮቻችን ብዙዎቹ ሶማሊያ ውስጥ ታስረው ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። እዚህም የሶማሊያ ምርኮኞች ነበሩ። ሁለቱ መንግሥታት አይነጋገሩም፤ በየፊናቸው የሌላውን አማፂ ያስታጥቃሉ። ወጣት ሆኖ የሄደው ጎልማሳ ሆነ፤ የሞተ መስሏቸው ተዝካር ያወጡለት ቤተሰቦች ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. የጸደይ ወራት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ሲስማሙ ምርኮኞቹን ተረክቦ ወዲህና ወዲያ ያመላለሳቸው ያው «ፈሪ» የተባለው ኮሚቴ ነው። ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንና ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሶማሊያውያን በዚያ ክረምት አገራቸው ገቡ። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም ምርኮኞችን ድንበር ያሻገረው ይኸው ኮሚቴ ነው። አንዱን ወገን ወራሪ ብሎ በይፋ ያወገዘ ድርጅት በሁለቱም ማረፊያ አውሮፕላን እንዲያሳርፍ ማን ይፈቅድለት ነበር? የኛ መንግሥት? አይመስለኝም።

እንግዲህ ገለልተኝነትን የምመዝነው በገዛው ነገር ነው። ዝምታ ዋጋ ነው፤ ዋጋ የሚከፈለው አንድ ነገር ለመግዛት ነው። በ1980 ዓ.ም. ዝምታው ሰው ገዝቷል፤ የእስር ቤት በር ከፍቷል። በ1928 ዓ.ም. ግን ምንም አልገዛም፤ ጋዙም አልቆመም፣ ሆስፒታሎቹም አልተረፉም። የኮሚቴው ጥፋት ገለልተኛ መሆኑ ሳይሆን የሚገዛው ነገር ካለቀ በኋላም መክፈሉን መቀጠሉ ነው። ጸሐፊው ይህን ልዩነት ቢያዩ ክሳቸው ይበልጥ ይሰላ ነበር።

መናገርም ዋጋ አለው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1971 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዳንዶቹ የቀይ መስቀልን ዝምታ ናይጄሪያ ውስጥ፣ በቢያፍራ የመገንጠል ጦርነት ጊዜ፣ አይተው የተማረሩ ነበሩ። የድርጅቱ የፈረንሳይ ክፍል በ1978 ዓ.ም. የደርግን የሰፈራ ዘመቻ በአደባባይ ስላወገዘ ከኢትዮጵያ ተባረረ። ቆሬም ላይ ሲያክማቸው የነበሩ ሕፃናትን ትቶ ሄደ። ሌሎቹ ድርጅቶች አፋቸውን ይዘው ቀሩ፤ ሥራቸውንም ቀጠሉ። ማን ትክክል ነበር? ሰፈራው በግዳጅ መሆኑን ዓለም የሰማው ተናግረው በተባረሩት በኩል ነው፤ ሕፃኑ ወተት ያገኘው ደግሞ ዝም ብለው በቀሩት እጅ ነው። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር ፈርደውበት አልፈዋል። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሲከራከሩበት የኖሩትን ሰዎች በፈሪነት ለመዝለፍ አልደፍርም።

ሦስተኛው ነጥብ አናደደኝ፤ አልደብቅም። «የእርዳታ ስንዴ ገበሬውን ሰነፍ አደረገው» የሚል ሰው ስንዴውን መዝኖት አያውቅም። የዕለት ደራሽ እርዳታ መደበኛ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው፤ ጥቂት ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር እንኳ የማይሞላ ዘይት ይጨመርበታል። በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ማለት ነው፤ እሱም በወሩ ከመጣ። ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ሲመጣም ያልተመዘገበ ጎረቤት እያለ ብቻውን የሚበላ ስለሌለ ይከፋፈላል። በዚህ ላይ ተማምኖ ሞፈሩን የሚሰቅል ገበሬ ካለ ያሳዩኝ።

የተራበ ገበሬ የሚያደርገውን ወሎም ሆነ ሐረርጌ የኖረ ያውቃል። መጀመሪያ ፍየሉን ይሸጣል፤ ከዚያ ሴቷ ጌጧን ታወጣለች፤ ከዚያ ላሟ ትሄዳለች። በሬው የመጨረሻ ነው፤ በሬ ሲሸጥ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ አብሮ መሸጡን ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. ቆሬም ሜዳ ላይ ብርድ ሲያንዘፈዝፈው የታየው ሕዝብ ይህን ሁሉ ጨርሶ የመጣ ነው። ደግሞም ያን ዓመት የገደለን የእርዳታ ብዛት ነበር እንዴ? የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መቸገሩን ተናግሮ 450,000 ቶን እህል ለምኖ ነበር። ረጂዎቹ ቁጥሩ ተጋኗል ብለው፣ መንግሥቱንም በሶቪየት ወዳጅነቱ ጠልተው እጃቸውን ሰበሰቡ። እዚህ ደግሞ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር መንገዱ በቀይ ጨርቅ ተሸፈነ። የመሐመድ አሚን ካሜራ የቀረፀውና ማይክል ቡርክ የዘገበበት ፊልም በቢቢሲ የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በመጋቢትና በጥቅምት መካከል የሞተውን ሰው ስንፍና አልገደለውም።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ደግሞ ሴፍቲኔት እንለዋለን። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በአንድ ሰው በወር አምስት ቀን እየሠራ ነው እህሉን ወይም ገንዘቡን የሚያገኘው፤ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል። ያለ ሥራ የሚሰጠው ለሽማግሌውና ለአቅመ ደካማው ነው። ጉድለቱን ዘርዝረን አንጨርሰውም፤ ከመዝገብ የሚወጣና የሚገባው ሰው አመራረጥ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ግን ዶማ ይዞ ተራራ ላይ የዋለውን ሰው ሰነፍ ማለት ነውር ነው።

ጸሐፊው በዚህ ርእስ ሥር እውነት የተናገሩበት ቦታም አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 የምግብ እርዳታ ሕጓን ስታወጣ የራሷን ገበሬዎች ትርፍ ምርት መሸኛ ፈልጋ ነበር፤ ከእህሉ ግማሽ ያላነሰውም በራሷ ባንዲራ መርከቦች እንዲጫን አስገድዳለች። ቅርብ ገበያ ላይ ማሽላ እያለ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣ ስንዴ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ይህ ለተራበው ሲባል የተደረገ አይደለም፤ ስሙም ንግድ ነው። ጸሐፊው «እንግዲያው ይቅርብን» ይላሉ። እኔ ደግሞ መቅረቱ ምን እንደሚመስል አይተናል እላለሁ። በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) እና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህሉ በሰፊው እየተሰረቀ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። መልሰው በሰፊው የጀመሩት ከወራት በኋላ ነው። ሰራቂው ጾሙን አላደረም። የጾመው መዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ተፈናቃይ ነው፤ ከሶማሊያና ከደቡብ ሱዳን ተሰዶ መጥቶ እኛ ዘንድ የተጠለለውም አብሮ ተቀጣ። ሰብአዊነትን በራሱ መለኪያ ብንዳኘው፣ ውሳኔው ተቋሙ በራሱ ሐሳብ ላይ የፈጸመው ክሕደት ነበር። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ የአሜሪካ ተራድኦ ራሱ ሲፈርስ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በአንድ አገር ካዝና ላይ እንዲህ መንጠልጠል አደገኛ ነው ካሉ እስማማለሁ፤ ጥገኝነቱ ግን የመንግሥት በጀት ጥገኝነት ነው። ለምን ገበሬው ላይ ይለጠፋል?

ስለ ካሜራው የጻፉትን አንቀጽ በደስታ ተቀብያለሁ። የአጥንትና የዝንብ ፎቶግራፍ ገንዘብ ያስገኛል፤ በ1977 ዓ.ም. ክረምት በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው የሙዚቃ ትርኢት ገንዘቡን ሲሰበስብ ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ከረኃብ ጋር ሰፍቶ ሄደ። ግን ካሜራውን ዛሬ የያዘው ማን ነው? አሮጊቷን አስለቅሶ አምስት ሺህ ብር እጇ ላይ ሲቆጥር በቲክቶክ የሚያሳየን የኛው ልጅ ነው። አስተያየቱ ሥር «ፈጣሪ ይባርክህ» ብለን የምንጽፈውም እኛ ነን። ጸሐፊው ለፈረንጅ ካሜራ ሁለት ገጽ ሰጥተው ለዚህ አንድ ቃል አጡ።

እድርና ማኅበር ይበቃናል የሚለው አራተኛው ነጥብ ውብ ነው፤ ለማጨብጨብም ያመቻል። እድር ባይኖር አዲስ አበባ እንዴት ሬሳዋን እንደምትቀብር አላውቅም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ለቀስተኛው በሰዓቱ ይደርሳል። ነገር ግን እድር የአባላት ነው። ወርኃዊ መዋጮ አለው፤ መዋጮውን ያቋረጠ ይቀጣል፣ ሲበዛም ከመዝገብ ይሰረዛል። ይህ ጉድለቱ አይደለም፤ የቆመውም በዚህ ነው። ደግሞም ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲራብ እድር አቅም የለውም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲያልቅ እድርና ማኅበር ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ሰጪም ተቀባይም እኩል ባዶ እጁን ስለነበረ ነው። የከተማው ሰው ደግሞ አልሰማም፤ የሰማውም እንዳይናገር ታፍኗል። ፎቶግራፉን ይዘው የመጡት የዩኒቨርሲቲ መምህራን መንግሥትን ደስ አላሰኙም።

ከአባልነት ወሰን ያለፈ ሰው ካስፈለገ አበበች ጎበና አሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በረኃብ ከወደቁት መካከል ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ልጆቹ ዘመዶቻቸው አልነበሩም፤ የሰፈራቸውም ሰዎች አልነበሩም። ቤተሰባቸው ልጆቹን ወይም እኛን ምረጪ ሲላቸው የመረጡትን ሁላችንም እናውቃለን። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያለቀሰላቸው ለዚያ ነው። ሰብአዊነት የምለው ይህን ነው። የመሠረቱት ድርጅትም ሥራው ሲሰፋ ከውጭ ረጂዎች ገንዘብ ተቀብሏል፤ ይህም አላዋረዳቸውም። በጸሐፊው አከፋፈል እሳቸውን የት እናስቀምጣቸው? ከባህላችን ወይስ ከፈረንጅ ሐሳብ?

ወደ ዓድዋ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ለሩቅ እንግዳ የሚራራ ልባችን ለቅርብ ባላጋራ ይጨክናል። በቅርቡ የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ «ለእነሱ እህል እንዳይገባ» ብሎ የጻፈው ሰው እድርተኛ ነው፤ ማኅበርም ይጠጣል። ከወዲያኛው ወገንም እንዲሁ የጻፈ ነበር። የጎረቤቱን ቀብር አንድ ቀን አላጓደለም ይሆናል፤ የ«ጠላት» ሕፃን መራብ ግን ስልት መሰለው። እድር ይህን በሽታ አያክምም። የጄኔቫ ወረቀትም ብቻውን አላከመውም። ጸሐፊው ግን በሽታው መኖሩን እንኳ አላነሡም።

የቀረው መደምደሚያቸው ነው፤ ሁሉም በመንግሥት እጅ ብቻ ይሁን የሚለው። ቁጥጥር የለም ብለው ከሆነ አለ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በርግጥ ገንዘቡ ቦሌ ከመድረሱ በፊት በየዋና ከተማው የሚቀነሰውን አዋጁ አይደርስበትም፤ እዚያ ላይ ቢጮኹ አብሬያቸው እጮኻለሁ። መንግሥት ብቻውን ሲይዘው ግን ምን እንደሚሆን በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. አይተናል። ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚሆን ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ሲጋዝ የእርዳታ ጣቢያው ማጥመጃ የሆነበት ጊዜ ነበር። እህል ሊቀበል የመጣ ሰው መኪና ላይ ተጫነ፤ ባል ከሚስቱ ተለያየ። በአማፂያኑ እጅ ባለው መሬት የሚኖረው ደግሞ እህሉን የሚያገኘው ከሱዳን በሌሊት በሚገባ ጭነት ነበር። በእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን ውስጥ ታታሪና ቅን ባለሙያዎች ነበሩ፤ ኮሚሽነሩ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ግን በመጨረሻ ሥራቸውን ትተው አሜሪካ ቀሩ። ሰዎቹ ቅን መሆናቸው እህሉን ከጦርነቱ አላወጣውም።

የ2015ቱ ስርቆት ከተጋለጠ በኋላ የመጣው ማሻሻያ ዋና ነጥብም የተረጂ መዝገቡን ከአካባቢ ባለሥልጣናት እጅ ማውጣት ነበር። ጸሐፊው መልሰን እናስገባው እያሉ ነው። ይቻላል፤ ክርክሩን እሰማለሁ። ግን አስቀድመው አንድ ነገር ይመልሱልኝ። መንግሥትና ታጣቂ የሚዋጉባት አንዲት ወረዳ አለች እንበል። ግማሿ ቀበሌ በዚህ፣ ግማሿ በዚያ እጅ ነው። በወዲያኛው ቀበሌ ያለችውን፣ ባሏ ጫካ የገባውን፣ ሁለት ሕፃናት የያዘችውን ሴት ማን ይመዘግባታል? እህሉንስ በማን መኪና ያደርስላታል? በቀጣዩ ጽሑፋቸው የመኪናውን ቀለም ሳይሆን የሹፌሩን ማንነት ቢነግሩኝ የምንከራከርበት ነገር ይኖረናል።